ላብ የማይደርስበት ቁልፍ

ናስር ማንኪያውን ከጨው ውኃው አውጥቶ በኦርጋኑ ነጭ ቁልፍ ላይ አንጠባጠበው። ውኃው የቁልፉን ጠርዝ ተከትሎ ወረደ፣ ጥቂት አቅማማ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ሰረገ። ናስር ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጣቱን አሳረፈ። ኦርጋኑ ጮኸ፤ ሳይንተባተብ፣ ሳይንኮሻኮሽ፣ ጥርት ብሎ። አሁንም አንጠባጠበ። አሁንም ተጫነ። ድምፁ ያው ነው።

በመስኮቱ ላይ የተሰቀለው እርጥብ ጆንያ የጠዋቱን ነፋስ እያጣራ ያስገባል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግንቦት ላይ የሚኖረው እንዲህ ነው፤ ጆንያ ይነከራል፣ ይሰቀላል፣ ሰው ከጀርባው ይቀመጣል። ከእናቱ ከኡምሰልማ ሻይ ቤት ጓሮ ያለችው ይህች ክፍል ጠባብ ብትሆንም በሰፈሩ ከእሷ የቀዘቀዘ ቤት የለም። ባንድ በኩል የእናቱ የውኃ እንስራዎች ተደርድረዋል፣ በሌላው በኩል ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖች። ናስር አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳያሻግረው ከቀረ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው እዚህ ነው። ሰው ሲበዛበት ይጨንቀዋል። ራዲዮን ግን ዝም ካሰኙት ዝም ይላል፣ ዝም ካለም ለምን ዝም እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ኦርጋኑ የከተማው የኪነት ቡድን ንብረት ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ልሳኖች ነበሩት፤ ቁልፉ ሲጫን ይነካካሉ፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ድምፅ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነበር። ላብ የገባበት መዳብ ግን አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ያኔ ቁልፉ መጀመሪያ ይንተባተባል፣ ቀጥሎ ይንኮሻኮሻል፣ በመጨረሻ ጭራሽ ድዳ ይሆናል።

የፅጌረዳ እጅ ደግሞ ያልባል።

ሰው በሙቀት እንደሚያልበው አይደለም። በክረምት ማለዳም፣ ገና ከእንቅልፏ ስትነሣም ያልባታል። ስትጫወት መዳፏ እንደ አዲስ እንስራ ያዣል፤ ከጣቶቿ ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ቁልፎቹ መሐል ይሰርጋል። አባቷ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው። ኦርጋኑን የለመደችው ድሬዳዋ ስትማር ከአንዲት መምህር ነው፤ በከተማው እንደ እሷ የሚጫወት የለም፣ እንደ እሷ ቁልፍ የሚገድልም የለም። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ አለሙ አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እህቴ፣ ይሄ ኦርጋን ነው እንጂ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አይደለም!» ሲላት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እየሳቀች ሁለቱን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ስትሸጉጥ ያያት፣ ያን ዕለት ድምፅ ማጉያ ሊጠግን የመጣው ናስር ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያስብ የኖረው ላብ የማይደርስበት ቁልፍ ነው።

መላው የመጣለት ከጅቡቲ በባቡር ከመጣች አንዲት የሂሳብ ማሽን ነው። አንድ ነጋዴ ሻይ ደፍቶባት ልትጠገን አምጥቷት ነበር። ሲከፍታት መዳቧ ደርቆ፣ ጸድቶ አገኘው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር እንደ ትንሽ ባርኔጣ የተደፋ ላስቲክ አለ፤ ከባርኔጣው ውስጥ ምስር የምታህል ጥቁር ነጠብጣብ ተለጥፋለች፤ ቁጥሩ ሲጫን መዳቡን የምታገናኘው እሷ ናት። ሻዩ በላስቲኩ ጀርባ ላይ ፈሶ፣ ደርቆ፣ ስኳሩ ብቻ ቀርቷል። ናስር ጥቁሯን ነጠብጣብ በጥፍሩ ጫር አድርጎ ወረቀት ላይ ሲያሻት እንደ ከሰል አሰመረች። ካርቦን ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ አይዝግም። ያን ዕለት ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ላስቲኩን ጎማ ከሚጠግነው ከጎሚስታው ከሙሐመድሰዒድ አገኘ፤ የተቀደደ ከመነዳሪ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ። ጥቁሩን ዱቄት ከሞተ የባትሪ ድንጋይ ቀጠቀጠ፣ በጎሚስታው ማስቲሽ ለወሰ፣ ከላስቲኩ ባርኔጣዎች ውስጥ አንድ በአንድ ቀባ። አንዳንዱ ደርቆ ተፈረፈረ፣ አንዳንዱ ዱቄት አንሶት ኤሌክትሪክ አላሳልፍ አለ። ደግሞ ለወሰ። የጨው ውኃ አፈሰሰባቸው፣ ከእንስራዎቹ ሥር እርጥብ አፈር ላይ አሳደራቸው፣ አፉን አስጠግቶ ተነፈሰባቸው። ትናንት የመጨረሻውን ከቦታው አስገባ።

ዛሬ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን የተላኩ ሰዎች ተጫዋች ሊመርጡ ይመጣሉ። ጓድ አለሙ አሳቡን አስቀድሞ ተናግሯል፤ ዛሬ አንድ ቁልፍ እንኳ ድዳ ከሆነ ፅጌረዳ ኦርጋኑ ፊት ሁለተኛ አትቀመጥም። ቁልፎቹ ከሠሩ ደግሞ ሐረር ይወስዷታል።

ናስር ይህን ያውቃል። ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ መለሰው።

«አሰላሙ ዓለይኩም! የኤንትሬ መኪና ከመነዳሪ ሲዘፍን ልሰማ መጣሁ» አለ ሙሐመድሰዒድ፣ የበሩን ጆንያ በክርኑ ገፋ አድርጎ ሲገባ። ክንዱ እስከ ትከሻው ጥላሸት ነው።

«ወዓለይኩም ሰላም። እጅህን እንዳታስነካ እንጂ ስማው።»

ናስር አንዱን ቁልፍ ተጫነለት። ጎሚስታው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ወላሂ፣ ይሄ ጎማ ስንቴ አሰብ ደርሶ ሲመለስ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ተነፈሰ ከተባለም እኔን ሊያሠራኝ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለልጅቷ ነው፣ አይደል?»

«ለቡድኑ ነው።»

«ለቡድኑ!» ሙሐመድሰዒድ ራሱን ነቀነቀ። «እውነትክን ነው። ቡድኑ ዓይኑ ያምራል።»

ናስር ሳቁን ሊይዘው ሞከረና አቃተው። ጎሚስታው ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ሐረር ይወስዷታል እያሉ ነው» አለ። ከዚያም «አብሽር፣ የኔ ወንድም» ብሎት ወጣ።

ናስር ብቻውን ሲቀር ቁልፎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ የኦርጋኑን ክዳን አነሣ። መሐል ካሉት ባርኔጣዎች በአንዱ ላይ፣ ፅጌረዳ በየዘፈኑ የምትመላለስበት ቁልፍ ሥር፣ መርፌ የወጋት የምታህል ቀዳዳ አየ። ጎሚስታው በከመነዳሪው ላይ ያልደፈናት ቀዳዳ ትሆናለች። ያሁኑ ጨው ውኃ አልደረሰባትም። የፅጌረዳ ላብ ግን ከዘፈኑ አጋማሽ በፊት ይደርስባታል።

ከእሱ ሌላ ይህን የሚያውቅ የለም። ክዳኑን ቢመልሰው፣ ጎማ ነውና ተቀደደ ይባላል። እሷም ከጣቢያው ማዶ፣ ነጭ መጋረጃ ካለው ቤቷ እየወጣች፣ ማለዳ ማለዳ በሻይ ቤቱ በር ማለፏን አትተውም። ይህ አሳብ መጥፎ እንዳይመስለው ተጠንቅቆ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዘመድ ነበር አጠገቡ የተቀመጠው። ናስር ክዳኑን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ።

«ናስር፣ አለህ?»

ፅጌረዳ ነበረች። የቡድኑን ካኪ ቀሚስ ለብሳለች፣ በእጇ የተጨማደደ መሐረብ ይዛለች። ናስር እንደ ልማዱ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አላት፤ እሷም አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ሞተ እንዳትለኝ ብቻ» አለች።

«አልሞተም።»

«እንግዲያ ለምን ቆመህ ታየዋለህ? እንደ አስከሬን!»

ናስር ፊቱ ጋለ። ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በጠመንጃ መፍቻው ጫፍ አሳያት። «እዚህች ጋ ቀዳዳ አለች።»

ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ ፈልጋ አገኘቻት። «ይቺ? ይቺንማ ማንም አያይም።»

«አዎ፤ ማንም አያይም» አለ ናስር።

ፅጌረዳ ቀና አለች። ዓይኗን ከቀዳዳዋ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ቀዳዳዋ አመላለሰች። ከእንስራዎቹ የአንዱ ላብ ከሥሩ ወዳለው አፈር ሲወርድ ጠብታው ይሰማል።

«ሰዎቹ ሐረር ቢወስዱኝ አባቴ ደስ ይለዋል» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ደስ ይለኛል መሰለኝ። ካልወሰዱኝ ደግሞ ጣቢያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ አድርጎ ያስቀጥረኛል። ትኬቱም ይርስብኛል።» ሳቀች፤ ወዲያው ተወችው። «ናስር፣ አንተ ግን እንዲሠራ ትፈልጋለህ?»

ናስር ቀዳዳ ያለባትን ባርኔጣ በጥንቃቄ ነቅሎ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከተረፉት መሐል አንዲቱን መርጦ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ዞር ዞር አድርጎ አያት። ደህና ናት። ዙሪያዋን ማስቲሽ ቀባ፣ ከቦታዋ አስቀመጠ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዛት። እስክትይዝ ድረስ ጣቱን ማንሣት አይችልም ነበር፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ጎንብሰው ጠበቁ።

«እፈልጋለሁ» አለ ናስር በመጨረሻ፣ ጣቱን እንደተጫነ።

ክዳኑ ሲገጠም ፅጌረዳ መሐረቡን ትታ ሁለት መዳፎቿን ዘረጋቻቸው። ሁለቱም ያበራሉ። ሰው ፊት እንዲህ ዘርግታቸው አታውቅም። ቁልፎቹ ላይ አሳረፈቻቸውና መጫወት ጀመረች፤ ልብሷ ላይ ሳትጠራርግ፣ በየመሐሉ ሳትፈራ፣ ውኃው ጠርዝ ለጠርዝ እየወረደ። አንድም ቁልፍ አልተንተባተበም።

«እጄ እንደ ሰው እጅ ሆነ እኮ!» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። ኡምሰልማ ከሻይ ቤቱ «ማን ነው የሚያለቅሰው?» ስትል፣ «ኦርጋኑ ነው፣ እማማ!» ብላ ፅጌረዳ መለሰችላት።

መድረኩ በባቡር ጣቢያው ሜዳ ላይ የቆመ የከባድ መኪና ተሳቢ ነበር። ጎኑን አውርደው፣ ከላዩ ሸራ ወጥረው፣ ኦርጋኑን ከእኩለ ቀን በፊት ጭነው ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኙት። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሜዳው ሞላ። የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ ከጥጥ እርሻው በመኪና የመጡ ወዛደሮች፣ ዱላቸውን በሁለት ትከሻቸው ላይ አጋድመው የቆሙ አፋሮች፣ ግመሎቻቸው ከኋላ። እንግዶቹ ከግራሩ ጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ዋናዋ ጓድ አዲስአለም የምትባል፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ነበረች፤ ማራገቢያ ወረቀቷን እያወዛወዘች ፊቷን ሳታጠቁርም ሳታፈካም ትጠብቃለች።

ናስር ከተሳቢው ጎማ አጠገብ ቆመ።

ሰልፈኛ የሚያነሣሣው የቡድኑ መዝሙር ተጀመረ። ከበሮው ይቸኩላል፣ ዘማሪዎቹ «ወደፊት» ይላሉ፣ የፅጌረዳ ጣቶች በቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። ናስር እጁን ተሳቢው ላይ አሳርፎ ነበር፤ ብረቱ ፈጀውና ሳብ አደረገው። ያኔ ቀና ብሎ አየ። ሸራው ለዘማሪዎቹ ጥላ ሆኗቸዋል፤ ፀሐይ ግን ወደ ምዕራብ አዘንብላ ከሸራው ሥር ገብታ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጣለች። መቼ ጀምሮ እንደተቀመጠች አላህ ይወቅ።

ሰው ሳይሰማው ናስር ሰማው። አንድ ድምፅ ከጣቷ ጋር መነሣት ሲገባው ቆየ። ቀጥሎ ሌላው። ማስቲሹ ለስልሷል፤ ላስቲኩ ከተጫነበት ተላቆ ሲነሣ ይጎተታል፤ የፊተኛው ድምፅ በኋለኛው ላይ እየተኛ መዝሙሩን ያድበሰብሰዋል።

ሙቀት! ሙቀትን ረሳ። ለውኃ ሠራው፣ ለጨው ሠራው፣ እርጥብ አፈር ላይ አሳደረው፤ አንድ ቀን ግን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አላስቀመጠውም። እንደ አዋሽ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ፣ ከእርጥብ ጆንያ ጀርባ፣ ከእንስራ አጠገብ ተቀምጦ ለአዋሽ የሚሆን ነገር ሠራ።

ከበሮው ወደ ፊት ሲሮጥ ኦርጋኑ ወደ ኋላ ቀረ። ከአፋሮቹ አንዱ ሳቀ። ጓድ አለሙ ከተሳቢው ጥግ ሆኖ እጁን እያሽከረከረ፣ «ቶሎ! ቶሎ በይ!» ይላል። ፅጌረዳ አንድ ጣቷን አንሥታ ቁልፉ እንደ እንቅልፋም ሰው ቀስ እያለ ሲነሣ አየችው። ከዚያ ግራ እጇን ለከበሮ መቺው ከፍ አደረገች። መዳፏ ሰው ሁሉ ፊት አበራ። ከበሮው ቆመ።

ያንኑ መዝሙር እንደገና ጀመረችው። ግን በዝግታ፣ ጭነት የያዘች ግመል በምትሄድበት እርምጃ። አንዱን ትነካለች፣ እስኪነሣ ትጠብቀዋለች፤ ገና ሳይጠፋ ቀጣዩን ታስከትላለች። አሁን የሚዘገየው ድምፅ ስሕተት መሆኑ ቀረ። ድምፅ በድምፅ ላይ ተደገፈ። ከዘማሪዎቹ አንዷ ተደናግራ ዝም ካለች በኋላ ገባችበት፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ ከበሮው ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ኮቴ ሆነ። ቃላቱ አልተለወጡም። «ወደፊት» የሚለው ቃል ግን እናት መሄድ የሚለምድ ልጇን እጇን ዘርግታ የምትጠራበት ቃል መሰለ። ሲስቅ የነበረው አፋር መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

ሲያልቅ ጥጥ ለቃሚዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩና ጭብጨባው ተሳቢውን አናወጠው።

ጓድ አዲስአለም እስኪበርድ ጠብቃ ወደ መድረኩ ቀረበች። «የጠየቅነው የሰልፍ መዝሙር ነበር» አለች።

«ጓድ፣ ጥፋቱ የኦርጋኑ ነው» አለ አለሙ ፈጠን ብሎ። «ቁልፎቹን አንድ የሰፈር ልጅ ነካክቷቸው...»

«ያዘገየሁት እኔ ነኝ» አለች ፅጌረዳ።

አዲስአለም እጆቿን አየቻቸው። ፅጌረዳ አልሸጎጠቻቸውም። «ሁልጊዜ እንዲህ ያልብሻል?»

«ሁልጊዜ።»

«እና አንዱም ቁልፍ አልቆመም?»

«አንዱም።»

ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ አልፈጀችም። «ነገ ጠዋት ከእኛ ጋር ባቡር ትይዣለሽ» አለች። «ኦርጋን እዚያ አለን። ይሄ የከተማው ነውና ይቅር።»

ሰው ተበተነ። ግመሎቹ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ የሜዳው አቧራ ወርቅማ ሆኖ ቀስ እያለ ተቀመጠ። ናስር ገመዶቹን ሊፈታ ተሳቢው ላይ ሲወጣ ፅጌረዳ ብቻዋን ኦርጋኑ ፊት ተቀምጣ አገኛት። እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት አስቦ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ማስቲሹ ነው። አበዛሁት። ፈትቼ አሳሳዋለሁ፣ ከዚያ...»

«ይሄን አትንካው።»

«ቢዘገይም?»

«ቢዘገይም።» ቁልፎቹን በዓይኗ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችባቸው። «የሐረሩስ ኦርጋን? ቁልፎቹ እንዴት ያሉ ይመስሉሃል?»

«መዳብ ይሆናሉ። እንደ ድሮዎቹ።»

«እንግዲያ እስከ ክረምት አይቆዩልኝም።»

ናስር የሸራውን ገመድ በክንዱ ላይ መጠምጠም ጀምሮ ነበር፤ ሳይጨርስ ተወው። ከዚህች ከተማ ወጥቶ አያውቅም፤ ሐረርን የሚያውቀው በራዲዮን ነው።

«ሐረር ብርዳም ነው ይላሉ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ገመዱ እያየ። «ማስቲሽ እዚያ አይለሰልስም፤ መጥቼ ብሠራልሽ...»

ፅጌረዳ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ኦርጋኑ መለሰች፣ መሐል ያለውን ቁልፍ ነካችው፣ ጣቷን አነሣች። ድምፁ አብሯት አልተነሣም። በተሳቢው ብረት ላይ፣ በባዶው ሜዳ ላይ ወጥ ሆኖ ቆየ።

«ጄኔሬተሩን ላጥፋው?» ሲል አንድ ሠራተኛ ከታች ተጣራ።

«ቆይ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ድምፁ እስኪያልቅ እየጠበቁ።